መርዝን መድኃኒት የሚያደርገው እጅ

ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይልቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሙሉ ውሸት የተናገረ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይጋለጣል፤ ግማሽ እውነት የተናገረ ግን አስተዋይ ተብሎ ይከበራል። እኔም ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከነዚህ ግማሽ እውነቶች አንዱን ለመቃወም ነው። ነገሩም «እኛ ድሆች ነን፤ ወባንና ተቅማጥን ገና አላሸነፍንም፤ ስለዚህ ለደም በሽታና ለካንሰር ልዩ ሐኪም ማሠልጠን ለኛ ቅንጦት ነው» የሚለው አነጋገር ነው። ይህን አነጋገር በለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤት ስብሰባም ሰምቼዋለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ገና ትምህርታቸውን ካልጨረሱ ከሕክምና ተማሪዎች አፍ መስማቴ ነው። ሽማግሌ ተስፋ ቢቆርጥ ዕድሜው ነው ይባላል፤ ወጣቱ ተስፋ የቆረጠ እንደ ሆነ ግን ማን ሊተካው ነው?

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። በአገራችን ካንሰር ብዙ ጊዜ ነቀርሳ ይባላል። ይኸው ቃል ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ለምንለው፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ለሚተላለፈው በሽታ ያገለግላል። ሁለቱ ግን በዘርም በጠባይም አይገናኙም። ካንሰር የገዛ ሰውነታችን ሕዋስ ልክና ሥርዓት አጥቶ ያለማቋረጥ ሲባዛ የሚመጣ ደዌ ነው፤ ከታማሚው ጋር አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይጋባም። የደም ካንሰር የሚባለውም ይህ ብልሽት በአጥንት ውስጥ ካለው መቅኒ፣ ማለት ደም ከሚሠራበት ስፍራ ሲነሣ ነው። ስሙ ስለ ተደባለቀ ፍርሃቱም ተደባልቆ፣ የታመመው ሰው አንዳንድ ጊዜ ማዕዱ ተለይቶበት ይኖራል፤ አንዳንድ ጊዜም ቤተ ዘመዱ በሽታውን ከራሱ ከታማሚው ይሠውሩበታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የምንሰማው ሁላችን ነን፤ የምንሠራበት ግን ጥቂቶች ነን።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1935 እና በ1936 የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ፣ በአሸንጌና በሌላም ስፍራ በአባቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነሙ። ከመርዞቹ ዋነኛው የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነበር፤ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ይህ መርዝ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜም በአውሮፓ ወታደሮች ላይ ተረጭቶ ነበርና፣ ሐኪሞች በ1919 አንድ ነገር ጽፈው አስታውቀዋል፤ በመርዙ የተጎዱት ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳቸው ይመናመናል፣ መቅኒያቸውም ይደርቃል። በ1942 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በዚሁ ነገር ተመራመሩ። ነጭ ሕዋስን የሚገድል መርዝ፣ ያለ ልክ የበዛውን ነጭ ሕዋስ ሊገድል ይችል ይሆናል ብለው፣ የሰናፍጩ መርዝ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን ማስታርድ የተባለውን ለአንድ የሊምፎማ በሽተኛ ሰጡት። እብጠቱ ሟሟ። መሻሉ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ በሽታው ተመለሰ፤ ይሁን እንጂ ተዘግቶ የነበረው በር ተከፈተ። በ1950ዎቹ ደግሞ በጀርመን አገር ከዚሁ ከመርዙ ነገድ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው መድኃኒት ተሠራ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የብዙ ሰው ሕይወት ያተርፋል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ነገር ጥቂት ቆም ብለህ አስበው። በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ሰው የፈጀውና በሆስፒታል አልጋ ላይ ሰው የሚያድነው ከአንድ ነገድ የወጡ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚመዝነው እጅ ነው። አንደኛው እጅ ልክ አያውቅም፣ አያውቅምና አይራራም፤ ሁለተኛው እጅ ልክ ያውቃል፣ የያዘውም መርዝ መሆኑን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። የካንሰር ልዩ ሐኪም ማሠልጠን ማለት እንግዲህ ይህን ሁለተኛውን እጅ ማብቀል ማለት ነው። መድኃኒቱ በገንዘብ ይገዛል፤ እጁ ግን ከገበያ አይገዛም፤ እንደ ቡና ዛፍ ተተክሎ፣ ተኮትኩቶ፣ ዓመት ተጠብቆለት ነው የሚያፈራው።

ይህ እጅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ላስታውቃችሁ። በአሜሪካ አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሕክምና ሥልጠና፣ ከዚያም በላይ የደምንና የካንሰርን ሕክምና አጣምሮ ለመማር ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ድምሩ አሥራ አራት ዓመት ነው። በዚያ አገር የደም ሐኪሞች ለብቻው የተለየ ፈተና መፈተን የጀመሩት በ1972፣ የካንሰር ሐኪሞች ደግሞ በ1973 ነው። ሙያው በበለጸገው አገር እንኳ ከአንድ ሰው ዕድሜ የማይበልጥ አዲስ ነገር ነው ማለት ነው። «እነርሱ ከጥንት ጀምረው ስለ ተማሩ አንደርስባቸውም» የሚል ሰው ካለ ይህን ቁጥር ይመልከት።

በነዚያ ዓመታት ምን ይማራሉ? የመድኃኒት ስም መሸምደድ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። የታማሚውን ቁመትና ክብደት ለክቶ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆነውን መጠን ማስላት ይማራሉ። ከዳሌ አጥንት በመርፌ መቅኒ ቀድቶ፣ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ ማንበብ ይማራሉ። መድኃኒቱ ነጭ ሕዋሱን ባሳነሰበት ሳምንት ታማሚው ቢያተኩሰው፣ ያ ትኩሳት እስከ ነገ የሚያድር ነገር እንዳይደለ፣ የተዋሲያን መድኃኒት በዚያችው ሰዓት ካልተጀመረ ሰው በአንድ ሌሊት እንደሚሞት ይማራሉ።

አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። በማዳጋስካር ደሴት ከሚበቅል አበባ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት ይወጣል። በደም ሥር ሲሰጥ የደም ካንሰር የያዘውን ሕፃን ለማዳን ይረዳል። ይኸው መድኃኒት በስሕተት በጀርባ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ቢወጋ ግን ሕፃኑ ከእግሩ ጀምሮ እየሰለለ ይሞታል፤ የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ጭንቁ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ሜቶትሬክሴት የሚባለው ሌላው መድኃኒት ለዚያው ሕፃን በጀርባው በኩል መሰጠት አለበት። ሁለቱ መርፌዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢገኙ፣ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው የአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ይህ ስሕተት በበለጸጉት አገሮች ሳይቀር ብዙ ጊዜ ደርሶአል፤ ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ቪንክሪስቲን በመርፌ ቱቦ መዘጋጀቱ ቀርቶ በትንሽ ከረጢት ተበርዞ እንዲሰጥ አስጠነቀቀ። እንግዲህ ልዩ ሐኪም ቅንጦት ነው የሚል ሰው፣ ልጁን ከነዚህ ሁለት መርፌዎች ፊት አስተኝቶ ይንገረኝ።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ቃል በተራ በተራ ልመልስ።

አንደኛው፣ «አስቀድሞ ወባ ይጥፋ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ግማሹ እውነት ነው፤ በርካሽ ክትባትና በአጎበር ሊተርፍ የሚችለውን ሕፃን ትቶ ውድ መድኃኒት የሚገዛ አስተዳዳሪ ይነቀፋል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ስሕተት ነው፤ የወባና የደም ልዩ ሐኪም ጠላቶች እንደ ሆኑ አድርጎ ያቀርባልና። ወባ ራሷ በደም ውስጥ የምትኖር፣ በዚያው በማይክሮስኮፕ፣ በዚያው የደም ጠብታ የምትታይ በሽታ ናት። በመተማና በሑመራ ቆላ የሚሠራ ሰው ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ፣ ደሙ አንሶ ቢመጣ፣ ካላ አዛር ነው ወይስ የደም ካንሰር? ውጭውን ያየ ሁለቱን ሊለይ ይቸግረዋል፤ መቅኒውን ያነበበ ግን ይለያል። አንደኛውን በሌላው መድኃኒት ማከም መግደል ነው። ወንድ ሕፃን በተገረዘ ጊዜ ደሙ አልቆም ቢል፣ የገራዡ እጅ ነው እየተባለ ስንት ቤት ተጣልቶአል? ደምን የሚያረጋው ነገር ከልጁ ደም ጎድሎ ከሆነ ይህ ሂሞፊሊያ የሚባል፣ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ በሽታ ነው፤ የሚያውቅ ሐኪም ካለ ተከታዩ ወንድም ሳይገረዝ ይመረመራል። የደም ሐኪም ሥራ ለሀብታም ብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

ደግሞም በሽታን አስቀድሞ መከላከል የሚቻለው ምንጩ ሲታወቅ ነው፤ የካንሰርን ምንጭ የመረመሩት ካንሰርን ያጠኑ ሰዎች ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰር ከቫይረስ እንደሚመጣ ስለ ታወቀ ክትባት ተሠራለት፤ ሩዋንዳ በ2011፣ ኢትዮጵያም በ2018 ለልጃገረዶች መስጠት ጀመሩ። የጉበት ካንሰርም አንደኛው ምንጭ የጉበት ቫይረስ መሆኑ ስለ ታወቀ ዛሬ ሕፃናት ይከተባሉ። ልዩ እውቀትን ንቆ መከላከልን ማወደስ ምንጩን ደፍኖ ወንዙን እንደ ማመስገን ነው።

ሁለተኛው፣ «ካንሰር መድኃኒት የለውም፤ ለምን እንደክማለን» የሚለው ነው። ለዚህ የሚመልሰው ታሪክ ነው። በ1947 መጨረሻ በአሜሪካ በቦስቶን ከተማ ሲድኒ ፋርበር የተባለ የሕፃናት በሽታ መርማሪ፣ በደም ካንሰር ለሚሞቱ ሕፃናት አሚኖፕቴሪን የሚባል መድኃኒት መስጠት ጀመረ። መድኃኒቱን የሠሩት የሕንድ ተወላጅ በሆነው በየላፕራጋዳ ሱባራው መሪነት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ባልደረቦቹ ሕፃናቱን ማሠቃየት ነው ብለው ተቃወሙት። በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ከአሥራ ስድስት ሕፃናት አሥሩ እንደ ተሻላቸው ገለጸ። ሽለቱ ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ በሽታው ሁሉንም ተመለሰባቸው። ተስፋ ቆራጮች ያን ጊዜ «አላልንም?» ማለታቸው አይቀርም። ሌሎች ግን መረመሩ። አንድ ሕፃን የደም ካንሰር ሲይዘው በሰውነቱ ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን የሚደርስ የበሽታ ሕዋስ ይኖራል። መድኃኒቱ ከሺህ አንድ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ቢገድል፣ ሕፃኑ የዳነ ይመስላል፣ በማይክሮስኮፕም ምንም አይታይም፤ ነገር ግን ገና አንድ ሺህ ሚሊዮን ሕዋስ ቀርቶአል። ላዩ የታጨደ አረም ሥሩ እንደ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ፣ ልጁ ደህና ከመሰለም በኋላ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳያቋርጡ መስጠት እንደሚያስፈልግ ታወቀ። በ1962 በሜምፊስ ከተማ በተከፈተው በሴንት ጁድ ሆስፒታል ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ሠርተው፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከሕፃናቱ ግማሽ ያህሉን አዳኑ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ይህ በሽታ ከያዛቸው ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። በድሆች አገሮች የሚድኑት እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ልጁ ደህና ሲመስል ቤተሰቡ ሕክምናውን ማቋረጡ ነው። ደህና መምሰልና መዳን የተለያዩ መሆናቸውን ለዚያች እናት የሚያስረዳት፣ በተቀጠረችበት ቀን ብትቀር ሰው ልኮ የሚፈልጋት ማን ነው? የሠለጠነ ሐኪምና ከርሱ ጋር የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው እንጂ የመድኃኒቱ ካርቶን አይደለም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሀብት ያመጣው ነው» የሚለኝ ካለ ወደ ቻይና ልውሰደው። አንድ ዓይነት የደም ካንሰር አለ፤ ደምን ከየስፍራው እያፈሰሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገድል ነው። በሻንጋይ ከተማ በሩዪጂን ሆስፒታል ዋንግ ዠንዪ የሚባል ሐኪም በ1980ዎቹ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ክኒን፣ ሬቲኖይክ አሲድ የሚባለውን፣ ለነዚህ በሽተኞች ሰጠ፤ በ1988ም እርሱና ባልደረቦቹ በሃያ አራት በሽተኞች ላይ ያዩትን አሳተሙ። ይህ ክኒን ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ፣ በጊዜ የደረሱትን ሕመምተኞች አብዛኞቹን ያድናል። «በጊዜ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ክኒኑ በመደርደሪያ ተቀምጦ ሳለ፣ የደሙን መስታወት አንሥቶ «ይህ ያ በሽታ ነው» ብሎ በዚያው ቀን የሚያውቅ ዓይን ከሌለ፣ ሰውየው ከመድኃኒቱ አጠገብ ይሞታል።

ሦስተኛው፣ «ሕመምተኛውም ውጭ አገር ሄዶ ይታከም፣ ሐኪሙም እዚያው ይማር» የሚለው ነው። ይህን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ራሱ መሄድ የሚችል ሰው ነው። ገበሬው የትኛውን በሬ ሸጦ ይሄዳል? በሬውን ቢሸጥስ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት በየሳምንቱና በየወሩ ደሙ የሚቆጠርለት ልጅ በየጊዜው በአውሮፕላን ይመላለሳል? ሐኪሙንም በተመለከተ፣ ውጭ ሄዶ የቀረውን ወንድማችንን ለመርገም አልፈልግም። መቅኒ የሚያነብ ባልደረባ፣ መድኃኒት የሚቀምም ሰው፣ ነርስና የደም ባንክ በሌለበት ብቻውን የተቀመጠ ልዩ ሐኪም፣ ጥይት የሌለው ጠመንጃ የተሸከመ ዘበኛ ማለት ነው፤ ሌባው ሲያልፍ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል? ለዚህ መድኃኒቱ ሐኪሙን ከነጓዶቹ፣ በሚሠራበት አገር፣ በሚያክመው ሕዝብ መካከል ማሠልጠን ነው።

አራተኛው፣ «መሣሪያ ይገዛ፤ ሰው በኋላ ይደርሳል» የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሰው ተራ ሲጠብቅ ወራት ያልፉበት ነበር። ያን ዓይነት ወረፋ ያየ ሰው መሣሪያ ይብዛ ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን በኮባልት የሚሠራ የጨረር መሣሪያ አንድ ጠባይ አለው፤ በውስጡ ያለው ኮባልት ሰው ታከመበትም አልታከመበትም በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ተቆልፎ የተቀመጠ ብር ብር ሆኖ ይቆያል፤ ተቆልፎ የተቀመጠ ኮባልት ግን ሰው ሳያድን ያረጃል። መሣሪያው ሰውን አይጠብቅም፤ ሰው ነው መሣሪያውን መቅደም ያለበት።

አንድ ብልህ ተቃዋሚ ደግሞ «በሩዋንዳ በቡታሮ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ያለ ልዩ ሐኪም ይሰጥ የለምን?» ሊለኝ ይችላል። በ2012 በዚያ በገጠር የተከፈተው የካንሰር ማዕከል ሥራ ሲጀምር፣ ሕክምናውን ይሰጡ የነበሩት ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች መሆናቸው እውነት ነው። ግን ምን እያዩ ይሰጡ ነበር? ልዩ ሐኪሞች የጻፉትን መመሪያ እያዩ፣ በቦስቶን ያሉትን የካንሰር ሐኪሞች እያማከሩ ነው። ቡታሮ የሚያስተምረን አንድ ልዩ ሐኪም ብዙዎችን ማሠራት እንደሚችል ነው። እንግዲህ ያ አማካሪ ለዘላለም በባሕር ማዶ ይኑር ወይስ በኛው አገር ቋንቋችንን የሚናገር ይሁን? ክርክሩ የቀረው በዚህ ላይ ብቻ ነው።

አፍሪካ በዚህ ሙያ ተማሪ ብቻ አልነበረችም። በ1957 በኡጋንዳ በካምፓላ ከተማ በሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ጥገና ሐኪም መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት አየ፤ በ1958 ጽፎ አስታወቀ። በ1961 በአሮጌ መኪና ብዙ የአፍሪካ አገሮችን እየዞረ በሽታው በየት በየት እንዳለ መረመረ። በዚያው ዓመት በለንደን ሲናገር የሰማው አንቶኒ ኤፕስታይን ከባልደረቦቹ ጋር መርምሮ በ1964 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ቫይረሶች መጀመሪያ የታወቀውን አገኘ። በ1967 የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተባብረው በካምፓላ የካንሰር ማዕከል ከፈቱ፤ ጆን ዚግለር የተባለው ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ከኡጋንዳውያን ጋር ሆኖ ሕፃናቱን በዚያው በሳይክሎፎስፋማይድ ያክም ጀመር። ያ የመርዝ ዘር በአፍሪካ ምድር የአፍሪካን ሕፃናት አዳነ፤ ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሊድን እንደሚችል ለዓለም ካስረዱት ስፍራዎች አንዱ ካምፓላ ሆነ። በ1972 ከፍ ያለው የአሜሪካ የላስከር ሽልማት ለነበርኪትና ለነዚግለር ሲሰጥ የተከበረው ሥራ በሙላጎ ግቢ የተሠራው ነበር።

ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። በኢዲ አሚን ዘመን የውጭ አገር ሐኪሞች ሄዱ። ማዕከሉ በዚያ ጊዜ ያልተዘጋው ቻርልስ ኦልዌኒ የተባለው ኡጋንዳዊ ሐኪም ሥራውን በቦታው ተምሮ ስለ ነበር ነው፤ በዚያ በመከራ ዘመን ማዕከሉን መራ። በኋላ እርሱም አገሩን ጥሎ ለመሰደድ በተገደደ ጊዜ ግን የሚተኩት ብዙዎች አልተዘጋጁም ነበር። በ2004 ጃክሰን ኦረም የማዕከሉ መሪ ሲሆን፣ ከ25 ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ ብቸኛው የካንሰር ልዩ ሐኪም እርሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎችን እያሠለጠነ ማዕከሉን ደግሞ አስነሣው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማሩ። ሕንፃውን ያቆመው የውጭ ገንዘብ ነው፤ በክፉ ቀን ያቆየው ግን አንድ የአገር ልጅ ነው። ሁለተኛም፣ አንድ የአገር ልጅ ብቻውን አይበቃም፤ ተተኪ ያላስተማረ አዋቂ ሙያውን ይዞ ይሰደዳል፣ ወይም ይዞ ይቀበራል።

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደናንተ፣ ወደዚሁ ሙያ ለመግባት ወደምትመኙት ላዙር። እስከ አሁን ከሌሎች ጋር ተከራከርሁ፤ ለናንተ ግን ማሞካሸት አልጽፍም። ልዩ ሐኪም መባልን እንደ ማዕረግ የምትፈልጉት ካላችሁ አሁኑኑ ተዉት። በየስማችሁ ላይ የሚጨመረው ቃል የሕመምተኛውን ደም አያበዛለትም። ይህ ሙያ ከሌሎቹ ይልቅ ትሕትናን የሚጠይቅ ነው፤ መድኃኒቱ መርዝ ስለ ሆነ ኩሩ ሰው ሊይዘው አይገባም። መጠኑን ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥለት መጠየቅን የሚያፍር፣ «ይህ መርፌ ለጀርባ አይደለም» የምትለውን ወጣት ነርስ የሚቆጣ ሐኪም፣ የቱንም ያህል ቢማር አልሠለጠነም። ከበታቹ ያለውን ሰው ቃል መስማት ግብረ ገብ ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ ሙያ ሕክምናው ራሱ ነው።

ሁለተኛ፣ እውነት መናገርን ተማሩ። በአገራችን ልማድ ከባድ በሽታ ለዘመድ ይነገራል እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ልማዱ ከርኅራኄ የመጣ መሆኑን አውቃለሁና አልዘልፈውም። ነገር ግን በሽታውን የማያውቅ ሰው ሦስት ዓመት የሚወስድ ሕክምና እንዴት ብሎ ይታገሣል? ፀጉሩ ሲረግፍ፣ ሲያስመልሰው፣ ለምን እንደሚሠቃይ ካላወቀ የመጀመሪያው ሐሳቡ መሸሽ ነው። ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው አትንገሩት፤ ተቀምጣችሁ፣ የሚያምነውን ዘመዱን አስቀምጣችሁ፣ ሊሸከም በሚችለው መጠን ንገሩት። ይህም ልክ ያለው መድኃኒት ነው።

ሦስተኛ፣ የማይድነውን ሰው አትሽሹት። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። በኡጋንዳ አን ሜሪማን የተባለች ሐኪም በ1993 በጀመረችው ሥራ፣ የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በርካሽ ዋጋ ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ እንዲጠጣው ተደረገ፤ የሠለጠኑ ነርሶችም እንዲያዝዙት በሕግ ተፈቀደ። ሥቃይን ለማስታገስ ብልጽግናን መጠበቅ እንደማያስፈልግ ይህ በቂ ምስክር ነው። የሚያድነውን መድኃኒት መጀመር የሚያውቅና ማቆም የማያውቅ ሐኪም ግማሽ ሐኪም ነው።

አገር የሚያስተዳድሩትንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰርንና የሕፃናትን የደም በሽታ የሚያክሙ ልዩ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀምሮአል፤ የጀመሩትም ምስጋና ይገባቸዋል። ጅምሩ ግን ችግኝ ነው። ችግኝ የተከለ ሰው በማግሥቱ ጥላ አይጠብቅም፤ ውኃ ማጠጣቱንም አይረሳም። የሠለጠነውን ሐኪም መድኃኒትና ጓደኛ በሌለበት ጥላችሁ፣ ሲሄድ «ከዳን» አትበሉ።

ልዩ ሐኪም ቅንጦት ነው ለሚሉትም የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ቅንጦት ማለት ቢቀር ማንም የማይሞትበት ነገር ነው። ሐር ልብስ ቅንጦት ነው፤ ቢቀር ሰው ሸማ ይለብሳል። መርዝን መዝኖ መድኃኒት የሚያደርግ እጅ በቀረበት አገር ግን ያ ሕፃን በርሱ ፈንታ የሚለብሰው ነገር የለም፤ ከከፈን በቀር።